ምክሩ ሞልቷል፤ መልሶ የሚደውል ነው የጠፋው

ቲክቶክ ላይ ገብታችሁ «ቦርጭ ማጥፊያ» ብላችሁ ፈልጉ። ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ ዝንጅብል ከማር ጋር፣ ተልባ በባዶ ሆድ፣ «በ7 ቀን 5 ኪሎ»... ጣታችሁ ይደክማል እንጂ ቪዲዮው አያልቅም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማቅጠኛ ሻይና ክኒን ቤታችሁ ድረስ ይመጣላችኋል። ምክሩ በነፃ፣ ክኒኑ በብር፣ ሁሉም አለ።

የሌለው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ምክሩን የለገሳችሁ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «እሺ፣ እንዴት ሆነልሽ? የቱ አስቸገረሽ?» አይላችሁም። ክብደት መቀነስ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሳነብ ትኩረቴን የሳበው ግን ይኸው ጥሪ ነው። ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጪው ነው፤ ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ብዙ አላየሁም።

ከሀገረ ሕይወት እንነሳ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን ስሟ ሀገረ ሕይወት ነበር። ሰው ለፍል ውሃዋ ይመጣባት ነበር፤ ስሟን የያዘው ውሃም ዛሬ በየሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ለሕክምና ዛሬም ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከካችሲ ሰው ወደ አምቦ ይሄዳል። ለወባ፣ ለወሊድ፣ ለስብራት ይሄዳል። «ኪሎዬ በዝቷልና ምከሩኝ» ብሎ ሱቁን ዘግቶ አውቶቡስ የሚሳፈር ግን ስንት ይሆናል ብላችሁ ነው?

«ውፍረት የቦሌ ሰው ጣጣ ነው» የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 8 በመቶው ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ይኸው ቁጥር 3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ገጠሩ 4 በመቶ ላይ ሲሆን ከተማው 21 በመቶ ደርሷል። «ከተማ» ሲባል ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ አምቦም ከተማ ናት፣ ጊንጪም ከተማ ናት።

ጉዳዩን ውስብስብ የሚያደርገው በዚያው ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸው ነው። አንድ አገር ውስጥ አንዷ የምትበላው አጥታ ትከሳለች፣ ሌላዋ ተቀምጣ በምትውልበት ሱቅ ትወፍራለች። ለዚህም ይመስለኛል ውፍረትን እንደ ጤና ጉዳይ ማየት የሚከብደን። እኛ ጋ «ወፈርሽ» ብዙ ጊዜ ምርቃት ነው፤ «ተስማምቶሃል» ማለት ነው። ከሳ ያለ ሰው ደግሞ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይባላል።

ያም ሆኖ ሰውነት ይሉኝታ አያውቅም። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደ ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ግፊትና ስኳር የሚመጡት በውፍረት ብቻ አይደለም፤ ግን ውፍረት በር ይከፍትላቸዋል። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ኑሮው ተለውጧል። በእግር ይኬድ የነበረው መንገድ በባጃጅ ሆኗል፣ ሥራው የወንበር ሥራ ሆኗል፣ ዘይትና ለስላሳ በየሱቁ አለ።

ፍሎሪዳ ገጠር ውስጥ የተደረገው ሙከራ

አሁን አምቦን ለጊዜው ትተን ወደ አሜሪካ እንሂድ፤ ግን ወደ ኒው ዮርክ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሐኪም የሚያጥራቸው ስድስት የገጠር አውራጃዎች አሉ። እዚያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆነ 234 ወፍራም ሴቶችን ይዞ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሥልጠናው የተሰጠው የት መሰላችሁ? በግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮዎች ውስጥ ነው። ሆስፒታል ሩቅ ስለሆነ፣ ሰው በቅርብ የሚያውቀውን ቢሮ ተጠቀሙ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ለስድስት ወር በቡድን እየተገናኙ ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ተማሩ። በአማካይ 10 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ መቀነስ ብዙ ሰው ይችላል። ፈተናው ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ነው፤ የወረደው ኪሎ ተመልሶ የሚወጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ለቀጣዩ አንድ ዓመት ሴቶቹን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በየሁለት ሳምንቱ በአካል ከአማካሪ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው በየሁለት ሳምንቱ በስልክ ያወራል። ሦስተኛው በየሁለት ሳምንቱ ምክር የያዘ ጽሑፍ በፖስታ ይላክለታል።

በዓመቱ መጨረሻ ሚዛን ላይ ሲወጡ፣ ጽሑፍ ብቻ ይላክላቸው የነበሩት 3.7 ኪሎ መልሰው ጨምረው ተገኙ። ስልክ የተደወለላቸው 1.2 ኪሎ ብቻ። በአካል የተገናኙትስ? እነሱም 1.2 ኪሎ። ስልኩ ከአካል ግንኙነቱ እኩል ሠራ፤ ወጪው ግን አነስ ያለ ነበር።

ይህን ውጤት ወደ እኛ ስናመጣው፣ ያ በፖስታ የሚላክ ጽሑፍ የዛሬ የቴሌግራም ቻናል ነው። ምክሩ ይደርሳችኋል፣ ታነቡታላችሁ፣ ለጓደኛ ሼር ታደርጋላችሁ። የሚጠይቃችሁ ግን የለም።

ይህ የአንድ አካባቢ አጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 415 ወፍራም ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በስልክ፣ በድረ ገጽና በኢሜይል ብቻ የተደገፉት በአማካይ 4.6 ኪሎ ቀነሱ። በአካልም ጭምር የተደገፉት 5.1 ኪሎ። በራሳቸው እንዲሞክሩ የተተዉት ደግሞ 0.8 ኪሎ። በአካልና በርቀት መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ኪሎ ነው፤ በመደገፍና ባለመደገፍ መካከል ያለው ግን አራት ኪሎ ገደማ።

አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መንግሥት ነገሩን ከጥናት አውጥቶ አገልግሎት አደረገው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ ነዋሪ በነፃ ተመዝግቦ በስድስት ወር እስከ 10 ጥሪ ያገኛል። ፕሮግራሙን የጨረሱት በአማካይ 3.9 ኪሎ ቀንሰዋል። እርግጥ የጨረሱት ጎበዞቹ ናቸው፣ ያቋረጡት እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ቢሆንም ስልኩ ለብዙ ሺህ ሰው የሚደርስ አገልግሎት መሆን እንደሚችል አሳይቷል።

«ለአራት ኪሎ ነው ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። አዎ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የቀረቡ 3,234 ሰዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች፣ ክትትል ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5.6 ኪሎ ብቻ ነው። ፎቶ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ጤና ላይ ግን ይታያል።

ስልኩ ላይ ምንድነው የሚወራው?

ብዙ ሰው «የስልክ ምክር» ሲባል ሌክቸር ይመስለዋል። «ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ስፖርት ይሥሩ፣ ደህና ይዋሉ።» ይህማ ቲክቶክም ላይ አለ። የሚሠራው ጥሪ ሌላ ዓይነት ነው። አማካሪው ብዙ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይናገራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጊንጪ ላይ ሱቅ ያላቸው እናት እንበል፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ65፣ ክብደታቸው 82 ኪሎ። ክብደቱን ለቁመት ሁለት ጊዜ ብታካፍሉት 30 ይመጣል። ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ናቸው።

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ያለፈው ሳምንት እንዴት ነበር?»

«ኧረ ተይኝ ሲስተር፣ አልሆነልኝም።»

«የቱ ነው ያስቸገረዎት?»

«ለስላሳው ነዋ። ፍሪጁ አጠገቤ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድክም ሲለኝ አንዱን እከፍታለሁ።»

«ያልጠጡበት ቀን ግን ነበር?»

«የገበያ ቀን አልጠጣሁም። ሥራ ስለሚበዛ ትዝም አይለኝ።»

«እንግዲያው ጥማት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በሌላው ቀን ያቺን ሰዓት በምን ብናልፋት ይሻላል ይላሉ?»

«እንጃ... ተነስቼ ዕቃ ላስተካክል። ካልሆነም አምቦ ውሃ እጠጣለሁ።»

«በሳምንት ስንት ቀን ይችሉታል?»

«አራቱን አላጣም።»

«እሺ፣ አራት ቀን ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑና ቁጥሩን ይጻፉት። የዛሬ ሁለት ሳምንት በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አስተውሉ፤ ሲስተሯ አልተቆጣችም፣ አላስፈራራችም። የተሳካውን ቀን ፈልጋ አገኘች፣ ምክንያቱን ጠየቀች፣ መፍትሔውን ራሳቸው እንዲያወጡት አደረገች። ግቡ «ለስላሳ አቁሙ» ሳይሆን «አራት ቀን» ሆነ፤ የሚቆጠር ነው። የመመዘኛ ቀንና የሚቀጥለው ጥሪ ቀን ተቆረጠ።

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 120 ካሎሪ ማለት ነው። በሳምንት አራት ቀን ብትቀሩ በዓመት ወደ 25,000 ካሎሪ ይመጣል። ጣዕም ያልተጨመረበት አምቦ ውሃ ስኳር የለበትም።

እኔ እዚህ በአማርኛ ጻፍኩት እንጂ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ይህ ጥሪ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት። ሰው ስለ ምግቡና ስለ ገላው በደንብ የሚያወራው በቤቱ ቋንቋ ነው። ከአዲስ አበባ በአማርኛ የሚደወል ጥሪ ግማሹን ያጣል።

እቁብ ለምን አይቀርም?

ኢኮኖሚክስ ውስጥ የሰውን ልጅ ድክመት የሚገልጽ አንድ ሐሳብ አለ። የዛሬ ደስታ ከነገ ጥቅም ይልቅ አብልጦ ይመዝንብናል። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚባለው ነገር ከዚህ ነው የሚመጣው። ሰኞ ሲመጣ ደግሞ ሰኞም «ዛሬ» ይሆናል።

አያቶቻችን መጽሐፍ ሳያነቡ ለዚህ መድኃኒት አግኝተዋል፤ እቁብ ይባላል። ብቻውን ብር ማስቀመጥ ያቃተው ሰው እቁብ ላይ አንድ ቀን አይቀርም። ብሩ ከየት ይመጣል? ያው ከዚያው ኪስ ነው። የተለወጠው ቀን መኖሩ፣ የሚጠብቅ ሰው መኖሩና ዳኛው መጠየቁ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ጥሪ የኪሎ እቁብ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሲስተሯ ትደውላለች ብላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ትመዘናላችሁ።

ልዩነቱ እቁብ ያልከፈለ ያፍራል፤ እዚህ ግን ማፈር ነገሩን ያበላሸዋል። ያፈረ ሰው ስልክ አያነሳም። ለዚህ ነው አማካሪው የጠያቂነት ሥልጠና የሚያስፈልገው፤ ቁጣ የለመደ አፍ ይህን ሥራ አይችልም።

አፕ አውርዱ አይበቃም?

ስማርት ስልክ ላላችሁ አፕ ይረዳችኋል፤ እርምጃ ይቆጥራል፣ የበላችሁትን ይመዘግባል። ግን ይህ ምክር በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እነማን ናቸው? እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ አጎቶቻችን። ብዙዎቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አፕ መጫን ባይችሉ «ሃሎ» ማለት ይችላሉ። ማንበብ ለማይችለውም ድምፅ ይበቃዋል። ኔትወርክ ላይስ ቢሆን? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ሳለ ሰው የሚገናኘው በመደበኛ የድምፅ ጥሪ ነበር።

ማን ይደውል?

እስቲ በጣት እናስላ። አንድ ጥሪ 20 ደቂቃ ነው እንበል። አንድ ባለሙያ በቀን አምስት ሰዓት ስልክ ላይ ቢቀመጥ 15 ሰው ያናግራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሉት 10 የሥራ ቀናት ናቸው፤ 150 ሰው ማለት ነው። አንድ ነርስ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ፤ 150 ሰው ዓመቱን ሙሉ ክትትል ያገኛል።

በሰውየው በኩል ደግሞ አስሉት። በየሁለት ሳምንቱ ከጌዶ አምቦ መመላለስ በዓመት 26 የሥራ ቀን ይበላል፤ የመኪናው፣ የምሳው፣ የተዘጋው ሱቅ ኪሳራ ሳይቆጠር። በስልክ ከሆነ ዓመቱ ሙሉ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይህ አዲስ ነገር ነው እንዳይባል፣ አገራችን በስልክ መምከርን ታውቃለች። በ952 ስለ ኤችአይቪ የሚጠይቅ ሰው ስሙን ሳይናገር ምክር ያገኝ ነበር። በኮቪድ ጊዜ 8335 የማያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ገበሬው 8028 ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ በቋንቋው ይሰማል፤ የስንዴ ዝገት ሲነሳም ማስጠንቀቂያ ስልኩ ድረስ ይመጣለታል። የስንዴ ዝገት ለዓመታት ሲጠና ከቆየባቸው ማዕከላት አንዱ ደግሞ አምቦ ነው። ለስንዴው ጤና የሚደውል ሥርዓት የሠራ አገር ለገበሬውና ለነጋዴው ጤናም መሥራት አያቅተውም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ያሉት፣ ሆስፒታልም ያለው ተቋም ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚደውሉ 10 ወጣት ባለሙያዎች 1,500 ሰው ይይዛሉ።

ስልክ የማይበቃባቸው

ሁሉም ነገር በስልክ አያልቅም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ክብደት ለመቀነስ አትጀምርም። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። ሳይሞክር ክብደቱ የሚወርድበት፣ እግሩ የሚያብጥ፣ ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው። ግፊትም በስልክ አይለካም፤ በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ ሄዶ መለካት ያስፈልጋል።

ማቅጠኛ ክኒንና ሻይን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሲቡትራሚን የሚባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ባለባቸው ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። ከማን እንደመጣ የማታውቁትን ነገር አትዋጡ።

እስከዚያው እኛ

መንግሥት ወይም ሆስፒታል መስመር እስኪከፍት መጠበቅ አያስፈልግም። ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ቤት ውስጥ ስልኩን በደንብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናታችሁ ጊንጪ፣ እናንተ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለዚህ ሥራ ከማንም ትቀርባላችሁ።

አንድ ሰው ምረጡ፤ ራሱ «ልቀንስ» ያለ ሰው ይሁን እንጂ እናንተ «ወፍረሃል» ብላችሁ የምታሳድዱት አይሁን። ቀንና ሰዓት ቁረጡ። አንድ ትንሽ፣ የሚቆጠር ነገር ተስማሙ፤ ለምሳሌ በሳምንት አራት ቀን ከገበያ በእግር መመለስ። በቀጠሮው ቀን ደውሉና መጀመሪያ የተሳካውን ጠይቁ፣ ከዚያ ያስቸገረውን። ከዚያ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላችሁ ዝም በሉ፤ መልሱን እነሱ ይናገሩ። ፆም ሲገባም ጠይቁ፤ ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በምትኩ ዘይቱና ዳቦው የሚበዛበት ቤት ብዙ ነው። ሰው «ከሳሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» ሲላቸው ምን እንደሚመልሱም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ያኔ ነው።

አንድ ሳምንት ካልሆነላቸው አትቆጡ፣ አትዘኑባቸውም። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያዙ፤ በቀኑም ደውሉ።